ኒኮላሳና የተነከሰው ባሏ

በፔሩ፣ በአሬኪፓ ከተማ ኮረብታ ላይ ጎረቤቴ የሆነውን ዶን ፎርቱናቶን ባለቤት የሌለው ውሻ ባቱን ነከሰው። ሚስቱ ኒኮላሳ ቧንቧ ስር አስቀምጣ ቁስሉን በሳሙና ደጋግማ አጠበችው።

«ተነስ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ! የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከጀመረህ መድኃኒት የለውም።»

«ዕድሜ ልኬን ማዕድን የቆፈርኩትን እኔን ውሻ ይገድለኛል?»

«ማዕድን ቆፋሪ መርፌ ይፈራል እንዴ?»

ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅበት አፍሮ ተነሳ፤ ክትባቱንም ሳያቋርጥ ጨረሰ። ውሻው በሳምንቱ ሞተ፤ ሲመረመር የእብድ ውሻ በሽታ ተገኘበት።

ከዚያ ኒኮላሳ ቤት ለቤት እየዞረች ሰውን ቀሰቀሰች። በውሾች ክትባት ዕለት የኮረብታው ሰው ውሻውን እየጎተተ ወረደ፤ አንድም ቤት አልቀረም። ፎርቱናቶም ከሰልፉ መሃል፣ «ያቺ የምታዩዋት ሚስቴ ናት! እኔንም ያተረፈችኝ እሷ ናት!» እያለ ይጮህ ነበር። እኛም ኮራንባት።