መርከብ ላይ የተቀመጡት አማት

ቡራሌ የባሕር ዳሯ መንደራችን ልጅ ነው። ድሮ ሻርክ ያጠምድ ነበር፤ የውጭ መርከቦች መረቡን እየበጣጠሱ ሲያስቸግሩት ጠመንጃ አነሳና እነሱኑ ማጥመድ፣ ገንዘብ እያስከፈለም መልቀቅ ያዘ። ማንም አልወቀሰውም። ሲያገኝ አብረን ጎረስን፤ ፍየሎቼን የሚገዙኝ የሱ ሰዎች ነበሩ።

ያጣላን የጁሳብ ነገር ነው። አዛውንቱ ጁሳብ ከህንድ፣ ከካች ባሕር ዳርቻ፣ በእንጨት መርከባቸው ሩዝና ሽንኩርት ያመጡልናል፤ ከአባቶቻችን ጀምሮ እንግዳችን ናቸው። ቡራሌ ግን ርቆ ለማደን ትልቅ መርከብ ፈልጎ ኖሮ እሳቸውን ከነመርከባቸው ያዘ። የጎሳው ሽማግሌዎች ለመኑት፣ ሼኩም መከሩት፤ እሱ ጫቱን ማኘኩን ቀጠለ።

ይሄኔ አማቱ እማማ አንባሮ ተነሱ። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ አማቱ ካሉበት ድርሽ አይልም፤ መንገድ ላይ ድምፃቸውን ከሰማ እንኳ ይታጠፋል። እማማ ዕቃ ሊገዙ እንደሆነ ተናግረው በአሣ አጥማጅ ጀልባ ወደ ጁሳብ መርከብ ሄዱ። ከጠባቂዎቹም የአለቃቸውን አማት ማን ደፍሮ ይከልክል! መርከቡ ላይ ወጡና ምንጣፋቸውን አንጥፈው ተቀመጡ።

ቡራሌ በጠዋት መልሕቅ ሊያስነሳ ሲመጣ ከሩቅ አያቸውና ጀልባውን አዞረ። ከሰዓት ተመልሶ መጣ፤ እማማ ከጁሳብ ጋር ሩዝ እየበሉ ነው። በማግስቱም እንደዚያው። ሰዎቹ ሳቃቸውን መደበቅ ሲያቅታቸው እኔን ላከኝ።

«እማማ፣ ቡራሌ እባክዎ ቤትዎ ይግቡ ብሏል» አልኳቸው።

«ልጄን የዳርኩት ለአሣ አጥማጅ ነው፤ እንግዳ ለሚያስር አይደለም በለው። ደግሞ እዚህ ነፋሱ ተስማምቶኛል፤ ጉልበቴም ተሻለው።»

ቃላቸውን አደረስኩ። ቡራሌ አንገቱን ደፋ።

«እሺ፣ አዛውንቱን እለቃቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን አማቴ ይውረዱ» አለኝ።

እማማ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ቀድመው እንደማይወርዱ፣ እንግዳቸውንም ራሳቸው እንደሚሸኙ ነገሩኝ። እንዳሉትም ቡራሌ ለቆት መርከቡ ሸራውን ዘርግቶ ሲወጣ አብረው ሄዱ፤ ቀጥሎ ባለው ወደብ ወርደው በጭነት መኪና ተመለሱ።

ቡራሌ አደኑን አልተወም፤ የካች ሰዎችን ግን ከዚያ ወዲያ አልነካም። ለአማቱ ካሣ የምትታለብ ግመል ላከ። ነጂው እኔ ነበርኩ። እማማ ጡቷን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ይህ ልጅ ሲፈልግ ጨዋ ነው» አሉ።