ገንዳው አጠገብ ያለው ማደሪያ

አርሊስ ቫኗን ከኮረብታው ቁልቁል ስትነዳ መጀመሪያ ያየችው ወረቀቱን ነው። የመጸዳጃ ወረቀት፣ ሣሩ ላይ ተጣብቆ ንፋሱ ጫፉን ያርገበግበዋል። አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላ። አፍንጫዋን ያዘች፤ ገና ምንም ሳይሸታት።

ከሁለቱ ዛፎች ሥር፣ እሷ ዘወትር በምትቆምበት ጥላ፣ የሌላ ሰው ቫን በሮቹን በርግዶ ቆሟል። አንድ ቀጭን ልጅ ሸሚዙን አውልቆ ከብት በሚጠጣበት ገንዳ ፀጉሩን በሳሙና ያሻል። አረፋው ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። አንዲት ልጅ ደግሞ መሬት ላይ ተዘርፍጣ ውሻዋን ድስት ታስልሳለች። ማታ በዚያው ድስት እንደሚበሉ አርሊስ አልተጠራጠረችም።

«ገንዳው የከብት ነው» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

ልጁ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀና አለ። «ከብት እኮ የለም፣ እትዬ።»

«ሲመጣስ? ሳሙናህን ይጠጣ?»

«ከቅጠል የተሠራ ነው፤ አይጎዳም።»

«እንግዲያው አንተ ጠጣው።»

ልጅቷ ሳቀች። ሼልቢ እባላለሁ፣ እሱ ዴቮን ነው አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ቦታውን ስልክ ላይ ነው ያገኘነው። አምስት ኮከብ ሰጥተውታል። አንዱማ ገነት ነው ብሎ ጽፏል።»

«ገነት ውስጥ ወረቀት ይጣላል?»

«ይበሰብሳል እኮ።»

«አንቺም ትበሰብሻለሽ። እስከዚያ ግን ትገሚያለሽ።»

ጓንቷን አጥልቃ ከረጢት ይዛ ልትለቅም ሄደች። ሰው የተወውን ዓይነ ምድር ከሣር ላይ ማንሳት ምን እንደሚመስል ያነሳ ያውቀዋል። ዝንቡ አብሮ ይነሳል። እየለቀመች ትሳደባለች፣ እየተሳደበች ያቅለሸልሻታል፤ ቢሆንም አንድ ሳታስቀር ለቀመች። ቨርሊን ይህን ያየ እንደሆነ አለቀላት።

ቨርሊን የመሬቱ ጌታ ነው። የሟች ባሏን ያውቅ ስለነበር፣ ቤቷን ሸጣ በቫን መኖር ከጀመረች ወዲህ እዚህ እንድታድር ፈቅዶላታል። በዚህ በኔብራስካ ሜዳ ጥሩ ማደሪያ እንደ ዋዛ አይገኝም። አገሩ ገላጣ ነው፤ መኪና ካቆምክ ሦስት እርሻ ያየሃል። ከንፋስ የሚከልል ኮረብታ፣ ጥላና «ሂጂልኝ» የማይል ባለቤት አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ሐይቁ ዳር ዘንድሮ ተከልክሏል። በከተማዋ ሜዳ ላይ «ማደር ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ነውና፣ አንዱ ቆሻሻ አድራሻውን ይጽፋል፣ መቶው ተከትሎ ይመጣል፣ ከዚያ ሁሉም ይባረራል። የቀራት ይህ ብቻ ነበር። ቨርሊን ተማርሮ ከዘጋው መሄጃ የላትም።

ጥላው ተይዞባት ፀሐይ ላይ ስታቆም ደግሞ ጎማዋ ትኩስ እበት ላይ ወጣ። በዙሪያው ሁሉ እበት ነው። በሰኔ ስትመጣ እዚህ እበት አይታ አታውቅም፤ በመስከረም ስትመጣ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ፊቷን አኮማትራ ከብቶቹ ከየት እንደመጡ ልታይ ሲመሽ ኮረብታውን ተሻገረች። ሼልቢ ሳትጠራ ተከተለቻት።

ከኮረብታው ወዲያ ሁለቱን የግጦሽ መሬቶች የሚለየው አጥር አለ። የሽቦው በር ተፈቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከብቶቹ በወዲያኛው በኩል ርቀው ይግጣሉ።

«አየሽ? ከፍተው ጥለውት ሄዱ። እናንተ ናችሁ?»

«እኛ በዚህ አልመጣንም።»

«እንግዲያው መሰሎቻችሁ ናቸው።» የበሩን እንጨት እየጎተተች አመጣችና በትከሻዋ ገፍታ ማሰሪያው ውስጥ አስገባችው።

«ባለቤቱ ራሱ ከፍቶት ቢሆንስ?» አለች ሼልቢ።

«ሰባት ዓመት እዚህ አድሬያለሁ። ይሄ በር ተከፍቶ አይቼው አላውቅም። ይልቅ ሂጂና ድስትሽን እጠቢ።»

በዚያ አገር ሕፃን የሚያውቀው ሕግ አለ፤ ክፍት ያገኘኸውን በር ክፍት፣ ዝግ ያገኘኸውን ዝግ ትተህ እለፍ። አርሊስ ሕጉን ለስንቱ ከተሜ አስተምራዋለች። ያን ዕለት ግን መጸየፏ ከሕጉ በለጠባት።

በማግስቱ ሙቀቱ የሚጠብስ ነበር። ከኮረብታው ወዲያ ከብቶቹ መጮህ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ ባሰበት፤ ወፈረ፣ ተቀባበለ። ሼልቢ እስከ አርሊስ ቫን ድረስ መጣች። «ምን ሆነው ነው?»

«ጥጆቹን ጡት እያስጣሏቸው ነው። በመስከረም እናትና ልጅ ይለያያሉ። ሁለት ሦስት ቀን ይጮሃሉ፣ ከዚያ ይረሱታል።»

«ሄደን ብናይስ?»

«አገር አታውቂ፣ ከብት አታውቂ፤ ምኑን ልታዪ ነው? አርፈሽ ተቀመጪ» አለችና የመስኮቷን መጋረጃ ሳበች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጆቹ ሳይነግሯት ከብቶቹን ሊያዩ ሄዱ። አርሊስ ተነስታ ገና ጥርሷን ስትፋቅ ሼልቢ ከኮረብታው እየሮጠች ወረደች። እጇን ሽቦ ቀዶት እስከ ክንዷ ደም ሆናለች።

«ጥጆቹ ከእናቶቻቸው ጋር ናቸው» አለች እያለከለከች። «ውሃ ነው ያጡት። በዚያ በኩል አንድ ጠብታ የለም። በሩን ከፍተነዋል፤ ከፊታቸው ዞር ይበሉ።»

መንጋው እንደ ጎርፍ ወረደ። ገንዳው ላይ እየተረጋገጠ፣ ቀንድና ጀርባ ብቻ እስኪታይ ተደራረበ። ዴቮን ከገንዳው ወዲያኛ ጫፍ በባልዲ እየቀዳ መራመድ ላቃታቸው ወደ ላይ ያመላልስ ጀመር። አርሊስ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ኮረብታውን ወጣች። በሩ ሥር፣ እሷ በትከሻዋ ገፍታ የዘጋችው በር ሥር፣ አንድ ጥጃ ተረጋግጦ ሞቷል። ምላሱ አብጦ ወጥቷል። ዝንቡ ዓይኑን አልብሶታል።

ቨርሊን ጩኸቱን ሰምቶ ኖሯል፣ መኪናውን አስነስቶ መጣ። ወርዶ ጥጃውን አየ፣ በሩን አየ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ።

«ማነው በሩን የዘጋው?»

ሼልቢ አርሊስን አየቻት። ዓይኗ ክስ የለበትም፤ ትጠብቃታለች። እስክትናገር።

«እኛ አይደለንም፣ ጌታዬ» አለ ዴቮን።

ቨርሊን ልጁን ከእግር እስከ ራሱ መረመረው፤ አፍንጫው ላይ ያለውን ቀለበት፣ የቆሸሸ ቁምጣውን። «እንግዲያው በሩ ራሱን ዘጋ» አለ። «ጓዛችሁን ሰብስባችሁ ከመሬቴ ውጡልኝ።»

ሼልቢ አሁንም አርሊስን እያየች ነው። «ይንገሩት እንጂ» አለች ቀስ ብላ።

አርሊስ ልትናገር አፏን ከፈተች። ሐይቁ ታያት፤ ሰሌዳው ታያት፤ በየመደብሩ ደጃፍ ስታድር መስኮቷን እያንኳኩ የሚያስነሷት ዘበኞች ታዩዋት።

«ምኑን?» አለች።

ሼልቢ ደም ያለበትን እጇን ቁምጣዋ ላይ ጠረገች። አርሊስንም ሰው ሣር ላይ ያለውን ነገር እንደሚያየው አየቻት። ዴቮንን በክንዱ ይዛ ወረደች። ብዙ ሳይቆይ ቫናቸው አቧራውን እያስነሳ ሄደ፤ ውሻቸው ከኋላው መስኮት አንገቱን አውጥቶ።

ቨርሊን ጥጃውን በሰንሰለት አስሮ ከመኪናው ኋላ ጋር አያያዘው። «ይሄን ቦታ ለሁሉም ልዘጋው ነበር» አለ፣ እጁን ሣር ላይ እያሻሸ። «አንቺ ባትኖሪ። ከሚመጣው ሁሉ ንጹሕ ሰው አንቺን ብቻ ነው ያየሁት። ደስ ባለሽ ጊዜ ነይ፤ በሰኔም፣ በመስከረምም።»

«አመሰግናለሁ፣ ቨርሊን» አለች።

መኪናው ጥጃውን እየጎተተ ከኮረብታው ወዲያ እስኪሰወር እጇን እያወዛወዘች ቆመች። ከዚያ ወርዳ ቫኗን ወደ ጥላው አስገባች። ሞተሩን እንዳጠፋች ከዛፉ ጀርባ ሄዳ፣ ግንዱን ተደግፋ፣ ሆዷ ባዶ እስኪሆን አስታወከች። ስትጨርስ አካፋዋን አመጣችና አፈር አለበሰችው፤ ንጹሕ ሰው ናትና።