የተዋሰችው ሰገራ

«አንቺ የሆቴሏ፣ አንዴ ተመለሽ» አለ የላቦራቶሪው ባለሙያ በመስኮቱ ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ። ማህተም ያረፈበትን የጤና ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ከበሩ ልትወጣ ስትል ነው። ተያዝኩ አለች በልቧ።

ብትያዝም አይፈረድም ነበር። በኩባያ ያስረከበችው ሰገራ የራሷ ሳይሆን የአማቷ ነው። ትልቁ ሆቴል ወጥ ቤቱ የሚያስገባው ሰገራው ንጹሕ የሆነውን ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመርምራ ሁለቴም አሜባ ተገኝቶባት ተመልሳለች። መራራውን ኪኒን እስከ መጨረሻው ብትውጥም አሜባው እንደ ቤተኛ ሳያንኳኳ ይመለሳል። የቅጥር ኃላፊው የዛሬው የመጨረሻ ዕድልሽ ነው ብሏት ነበር። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ የሚበሉት የተቀቀለ፣ የሚጠጡት የፈላ ነው፤ ሁሉም በእሷ እጅ። ፖፖአቸውን ጠዋትና ማታ የምትደፋውም እሷ ናት። ከዚያ ላይ በእንጨት ጫፍ ትንሽ ቆንጥሮ መውሰድ ስርቆት አይባልም፣ ደግሞስ ማን ሊከስርበት ብላ ራሷን አሳመነች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው ነገሩ።

«አሜባም ትልም የለብሽም፤ ካርድሽ የጸና ነው» አለ ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን መልኩ አላማረኝም። እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ደም ይኖረው ይሆን ብዬ ሳየው አለው። የብረት ኪኒን ትወስጃለሽ?»

«አዎ» አለች፣ ምን እንደሆነ እንኳን ሳታውቅ።

«እሱ ቢያጠቁረው ነው እንጂ ደም አያመጣም። ጨጓራሽ ወይ አንጀትሽ ውስጥ የሚደማ ነገር አለ። ቁስል ከሆነ በመድኃኒት ይድናል፣ እጢም ከሆነ ቶሎ ሲደርሱበት ነው። ዝም ካልሽው ግን ይገድልሻል፣ እህቴ።»

በአውራ ጣቱ የዓይኗን የታች ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ አየ። ውስጡ ቀይ ነው። ይህን ያህል እየደማሽ ይህ ሁሉ ወዝ ከየት መጣ ብሎ ራሱን ነቀነቀና፣ ሳትውል ሳታድር ትልቁ ሆስፒታል እንድትሄድ መክሮ ሸኛት።

መንገዱን አጋምሳ እስክትሄድ ድረስ የተሰማት ደስታ ብቻ ነበር። አልተያዘችም። ነገ ጠዋት ነጭ ሽርጥ አድርጋ፣ በገዛ ደመወዟ የምትኖር ሰው ትሆናለች። የሚሞተው ሰው ማን እንደሆነ ትዝ ያላት መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ነው፤ ያኔም ያዘነችው ለአማቷ ሳይሆን ለሽርጡ ነበር። በኋላ ነው ለራሷም የቀፈፋት።

በዚያ ቤት የአሮጊቷ ስም «ሆዴ» ነው። ያወጣችላቸው የገዛ ልጃቸው፣ የባሏ እህት ናት። ሆዴን፣ ሆዴን ሲሉ ስለሚውሉ ሰው ሁሉ ሰልችቷል። እርግጥ ነው፣ በደህናቸውም ጊዜ ነገር አልጥም ባላቸው ቁጥር ሆዳቸውን ይዘው ይተኙ ነበር፤ በልጃቸው ሠርግ ዕለት እንኳን ተኝተዋል። ባሏ አንድ ሰሞን ላሳክማቸው ብሎ ተነሥቶ ያስተወችው ግን እሷ ናት። ፖፖውን የማየው እኔ አይደለሁ፣ ምንም የለባቸውም አለችው። እሱም አመናት።

ቤት ስትደርስ ባሏና እህቱ ለስላሳ ከፍተው ይጠብቋታል። ባሏ ካርዱን ከእጇ ነጥቆ ማህተሙን ደጋግሞ አየው። በመንገድ ላይ ስታሰላስለው የመጣችው ነገር ነበራት፤ ዛሬ ጠዋት ፖፖው ላይ ደም አየሁ ትላለች፣ ስለ ኩባያው ማንም ሳይሰማ አሮጊቷ ይታከማሉ። አፏን ከፈተች።

የባሏ እህት ቀደመቻት። «ከነገ ጀምሮ ቀን ቀን እኔ ከሆዴ ጋር እውላለሁ። ለጉርምርምታቸው ጆሮዬን ጥጥ እወትፈዋለሁ፣ ቀላል ነው» ብላ ሳቀች። «እውነተኛ በሽተኛ ቢሆኑ ግን አልነካውም ነበር፣ ስነግራችሁ። እሱ የሚስትህ ሥራ ነው።»

ባሏም ሳቀ፤ እውነቷን ነው አለ። የተከፈተው አፏ ለስላሳውን ተጎነጨ። ሆድ ይፍጀው አለች በልቧ።

ትንሽ ቆይቶ አሮጊቷ ከጓዳው ጠሯት። በሩን እንድትዘጋ በእጃቸው አመለከቷት።

«አንቺ አትወጂኝም» አሉ። «እኔም አልወደድኩሽም፤ እሱን እንተወው። የራሴ ልጆች ሲያባብሉኝም ሲስቁብኝም አላምናቸውም። ገበናዬን የምታዪው አንቺ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ያመኛል ወይስ ያረጀ ሰው ቅዠት ነው? ካመመኝ ዛሬውኑ ልጄ እግር ላይ ወድቄ አሳክመኝ እለዋለሁ። ካልሆነ ሰው ማስቸገሩ ይብቃኝ።»

እስከ ዛሬ በደንብ አይታቸው አታውቅም። ከንፈራቸው እንደ ወረቀት ነጥቷል፤ ባለሙያው በእሷ ዓይን ውስጥ ፈልጎ ያጣው ንጣት በእሳቸው ዓይን ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ይበቃል። ባሏ ከሳሎን ተነሥቶ ተሸክሟቸው ይሄዳል። እሷም ነገ ሆስፒታል፣ ከነገ ወዲያ እዚሁ አልጋ ሥር። ሥራው ላይ ትንሽ ልደላደልና እነግራለሁ አለች ለራሷ፤ እንደማትነግር ግን ያኔውኑ አውቃዋለች።

«ምንም የለብዎትም፣ እማማ» አለች። «ንጹሕ ነው።»

አሮጊቷ ደስ ያላቸው ይመስላል፤ ያፈሩም ይመስላል።

«እንግዲያስ አፌን እዘጋለሁ» አሉ። «እስከ ዛሬ ላስቸገርኩሽ ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ልጄ ብለው ጠርተዋት አያውቁም።

«ይቅር ለእግዜር» አለችና ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻቸው ስባ ወጣች።

ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ለሥራው የገዛችውን ሽርጥ ዘርግታ መተኮስ ጀመረች። ከጓዳው አልጋው ሲንቋቋ ይሰማል፣ ሰው እንደሚገላበጥ፤ ድምፅ ግን የለም። ጥርሳቸውን ነክሰዋል ማለት ነው፤ ቃላቸውን ጠበቁ። የባሏ እህት ሳይቀር ገርሟት ቀና አለች።

«ሆዴ ዛሬ ምን ነካቸው? ዝም አሉ እኮ።»

ካውያውን ከጨርቁ ላይ አላነሣችም።

«ተሽሏቸዋል» አለች።