በሩ እስኪከፈት

አልጋ አንጣፊዋ ጡረታ ከወጣች ወዲህም ቢሆን፣ ያልተነጠፈ አልጋ ባለበት ቤት ሰው ማስገባት ሞቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በሆቴል አንሶላ ስትወጥር የኖረች ሴት ምን ታድርግ፣ እጇ አያስቀምጣትም። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት በሩ ተደብድቦ «ፖሊስ ነን፣ ክፈቱ» ሲባል መጀመሪያ ድቅን ያለባት የልጇ መኝታ ቤት ነበር። «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለች አልጋውን አነጠፈች፣ ካልሲውን ለቃቀመች፣ እግረ መንገዷንም ወለሉን በበረኪና ወለወለችው። ልጇ እንደ ሌላው ጊዜ «ተይው» አላላትም። በሩ ሊሰበር ምንም ሳይቀረው ሻሿን አስተካክላ ከፈተች።

ሃምሳ አለቃው የብርበራ ማዘዣ አሳያት፤ እዚህ ቤት አደንዛዥ ዕፅ ተደብቋል ተብሏል አላት። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ሲጋራ እንኳ በአፉ ዞሮ አያውቅም ብላ ማለችለት። ጫማቸውን እንዲጠርጉም ለመነቻቸው።

ፍራሹ ተገለበጠ፣ ቁም ሳጥኑ ተራገፈ። ዕፅ እንዲያሸት ያመጡት ውሻ ግን በረኪናው አፍንጫውን ሲያቃጥለው አስነጠሰ፤ ደግሞ አስነጠሰና ያዡን እየጎተተ ወደ ግቢ ወጣ። አንደኛው ፖሊስ «ጌታው ጉንፋን ያዘው» ብሎ ሊስቅ ሲል ሃምሳ አለቃው ገላመጠው።

ምንም አልተገኘም። ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ልጅ ፊቱ ደም ይመለስበት ጀመር። እናትየውም እፎይ ብላ ፍራሹን ልታቃና ጎንበስ አለች።

«ይተዉት እናቴ» አላት ሃምሳ አለቃው። «ይሄን ሁሉ ጊዜ በር ያልከፈቱት ምን ሲሠሩ ነው?»

«አልጋ ሳነጥፍ።»

«በረኪናውስ?»

«ታዲያ እንግዳ ቆሻሻ ቤት ይገባል እንዴ፣ ልጄ?»

ሃምሳ አለቃው በሥራው ያልሰማው ሰበብ የለም፤ እንዲህ ያለውን ግን ገና መስማቱ ነው። አላመናትም። ማስረጃ በማጥፋት ትጠየቃለች፣ ጣቢያ ትሄዳለች አለ።

የቤት ጫማ አድርጋ ሰው ፊት እንደማትቀርብ ብቻ ነግራው የደህና ቀን ጫማዋን አወጣች። ማሰሪያውን ልታስር ደጋግማ ሞከረች፣ አልያዝ አላት።

ልጁ አይቶ አይቶ ከግድግዳው ተላቀቀ። ተንበርክኮ ጫማዋን አሰረላት።

«እሷ አታውቅም» አለ ቀና ሳይል። «አልጋዬ ራስጌ ያለው ስፒከር ውስጥ ነው። የኋላ ክዳኑን ፍቱት።»

አንደኛው ፖሊስ ካቻቢቴ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። እናትየው ወደ ስፒከሩ ዞር አላለችም። ከወለሉ ላይ የልጇን ሹራብ አነሳች፣ አራገፈችው፣ እጅጌውን ከእጅጌው ገጥማ አጠፈችው፤ መልሳ ደግሞ ዘረጋችው።

«ልበሰው» አለችው። «እዚያ ይበርድ ይሆናል።»