ሁለት የተደፈኑ ቀዳዳዎች

የአደን ወቅት ሊከፈት በተቃረበበት ሰሞን፣ ትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ አዳራሹን ለጠመንጃ ገበያ ይለቃል። ያን ቀን ፓስተሩም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ ዓመቱን ሙሉ ከተራራ የማይወርደው ከብት አርቢም በረጃጅም ጠረጴዛዎች መካከል እየተጋፉ የሰው ጠመንጃ ሲነካኩ ይውላሉ። ሞንታና ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ በዓል የለም። እኔ ጠረጴዛ የለኝም። አያስፈልገኝምም። የሚፈልገኝ ሰው ፈልጎ ያገኘኛል።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። አባቴ ቬርን ጠመንጃ ጠጋኝ ነው፤ ግን ሲሠራ አፉን አይከፍትም፤ ስለዚህ አስተማረችኝ የምላት ነገር ብትኖር ከሥራ ጠረጴዛው ሥር የምትወድቀው ብረት ናት። እሷን እየሰበሰብኩ፣ ሰው የጣለውን የፋብሪካ ካታሎግ እያነበብኩ፣ አንድን ጠመንጃ ገና መቀርቀሪያውን ስስብ በየትኛው ዘመን እንደተሠራ፣ የቱ ክፍሉ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ የቱን ደግሞ ማን ጎረቤት በጋራዡ እንዳበላሸው መለየት ቻልኩ። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ ተሰለፉ።

«ዊላ! ነይ እስኪ ልጄ!»

ሚስተር ሆቭላንድ ነበሩ፤ ከእኛ ቤት ወንዙን ተሻግሮ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን። የቆሙት ሮይስ የሚባለው ነጋዴ ጠረጴዛ ፊት ነው። በእጃቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ፣ ሞዴል ሰባ የሚባል የአደን ጠመንጃ ይዘዋል።

«አባቴ እንዲህ ያለ ነበረው፤ ከቤታችን ጋር ተቃጠለ» አሉኝ። «ሮይስ በባዝራዬ እለውጥሃለሁ ብሎኛል። ከመውሰዴ በፊት እዪልኝ።»

ባዝራዋን አውቃታለሁ። ዳማ ናት፤ ውጭ ተጎታቹ ውስጥ ቆማለች። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሽማግሌው በሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያናግሩት እሷን ብቻ ነው።

«እንዴ፣ ሐኪሟ መጣች!» አለ ሮይስ። «ምን ያደርጋል፣ በሽተኛው ጤነኛ ነው።»

«ሻጭ ጤነኛ ነው ሲለኝ መጀመሪያ ትኩሳቱን ነው የምለካው» አልኩት። ዙሪያችን ያሉት ሳቁ። ሳቅ ሲሰማ ሌላ ሰው ይመጣል፤ ብዙ ሰው መጣ።

ጠመንጃውን ተቀበልኩ። ከመቀርቀሪያው ኋላ ያለው የብረቱ ጅራት ባለ ሦስት ቅጠል ቅርጽ ነው፤ የዚያ ዘመን ለመሆኑ ይኸው ይበቃል። የዋልነት እንጨቱም የራሱ ነው፤ ሰደፉን ማንም አላሳጠረውም። ሁሉንም ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሚስተር ሆቭላንድ እንደ ልጅ ፈገግ አሉ።

የቀረው ድልድዩ ነበር፤ መቀርቀሪያው ከሥሩ የሚያልፍበት የኋላው ብረት። በዚያ ዘመን ፋብሪካው እዚህ ቦታ አይበሳም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሰው ሁሉ የማነጣጠሪያ መነጽር ሲያምረው፣ መነጽሩን ለመትከል መሰርሰሪያ ያለው ሁሉ በሳው። ያልተበሳ ጠመንጃ ባዝራ ያስለውጣል። የተበሳው ግን አጋዘን ይገድላል፤ ሌላ ወግ የለውም።

ወደ መስኮቱ ዞሬ ብረቱን አጋደልኩት። ጥቁር ሰማያዊው ቀለም መካከል ላይ ሐምራዊ ጥላ አለው። ተበይዶ የተሞረደ ብረት ቀለም ሲነከር እንዲህ ያደርጋል።

«እዚህ የሰው እጅ ደርሶበታል» አልኩ።

«የአዳራሹ መብራት ነው» አለ ሮይስ።

«መብራቱ ካንተ ይልቅ እውነተኛ ነው። እንጨቱን ልፍታው? ቀለሙ አዲስ ከሆነ ከእንጨቱ ሥር ያለውም አዲስ ይሆናል።»

«ፍቺው!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ካቻቢቴዬን ከኪሴ አወጣሁ። ሰውም ስለበዛ፣ ጉሮሮዬም ስለተከፈተ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩበት፦

«የተደፈነ ቀዳዳ ካገኘሁ፣ ይህን የሠራው ሰው መሣሪያዎቹን ሁሉ ተቀምቶ ዶሮ ቤት ይጥረግ! ሌባ ሻጩ ብቻ አይደለም፤ እጁን ያከራየውም ነው።»

አጨበጨቡልኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

በብሎኖቹ ራስ ላይ ያለው የካቻቢቴ ሰንጥቅ ሁሉም ወደ አፈሙዙ ያመለክታል። ፋብሪካ እንዲህ አይጨነቅም፤ ጥንቁቅ ጠጋኝ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እንደሱ ያለ ብዙ ሰው አለ ብዬ ፈታኋቸው። ከዚያ ብረቱን ከእንጨቱ አነሳሁ።

ሽታው መጣ። የንብ ሰም፣ የጥድ ሙጫ፣ ትንሽ የቆዳ ዘይት። ውሃ እንዳይገባ አባቴ ከእንጨቱ ሥር የሚቀባው ነው፤ በእናቴ አሮጌ ድስት፣ ከጓሯችን ዛፍ በለቀመው ሙጫ ያቀልጠዋል። እዚህ አገር ሌላ ማንም አይቀባውም። የልብሴም ሽታ እኮ ነው።

መቀርቀሪያውን አውጥቼ ጣቴን ከድልድዩ ሥር ሰደድኩ። ሁለት ክብ እብጠቶች፣ እንደ ምስር። በጣም ጥሩ ሥራ ነው። እኔ ካልሆንኩ ማንም አያገኛቸውም።

ቀና ስል አባቴ ከሰው ጀርባ ቆሟል፤ በሁለት እጁ ሁለት ሳህን የፓይ ኬክ ይዟል፣ አንዱ የእኔ ነው። ዓይኑ ፓይው ላይ ነው።

ሮይስም አባቴን አየ። ከዚያ እኔን። «እህስ ሐኪሟ?» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ማን ነው ዶሮ ቤት የሚጠርገው?»

«ምንም የለም» አልኩ። የራሴ ድምፅ አይመስልም ነበር። «ተሳስቻለሁ። መብራቱ ነው። ንጹሕ ነው።»

ሚስተር ሆቭላንድ «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

አላቅማሙም። እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው የባዝራዋን ልጓም አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሮይስ እጁን ሲዘረጋ የአባቴ ሳህኖች መሬት ላይ ተከሰከሱ።

«አርን፣ ተው» አለ አባቴ ሚስተር ሆቭላንድን። በሰው ፊት ይህን ያህል ጮኾ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ተበስቶ ነበር። የደፈንኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አግኝታዋለች።»

ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሚስተር ሆቭላንድ አባቴን አላዩትም። እኔን ነው ያዩት፤ ለረጅም ጊዜ፣ መሬት ወድቆ እንደተሰበረ ዕቃ። ከዚያ ልጓሙን አንስተው ሄዱ። ሮይስ ጠመንጃውን እየሰበሰበ «የምትገርሙ ቤተሰብ ናችሁ» አለ።

በፒክአፑ ወደ ቤት ተመለስን።

«እኔን ብለሽ ነው የዋሸሽው?» አለኝ አባቴ።

«ታዲያ ማንን ብዬ ነው?»

«እኔ ዋሺልኝ አላልኩሽም።»

«አንተስ ሮይስን ቀዳዳዎቹን የምታስደፍነው ለምንህ ነው ብለህ ጠይቀኸዋል?»

«አልጠየቅኩትም» አለ። «ብጠይቀው ሊነግረኝ ነዋ።»

እሱ እንዲያ እቅጩን ሲናገር እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አባቴን ላድን ብዬ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር። ግን ጣቴ ከድልድዩ ሥር ሳለ በሐሳቤ የመጣው የእሱ ፊት አልነበረም። ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ናቸው የመጡብኝ፤ ገና በአፌ ያለው የዶሮ ቤት ቀልድ ነው የመጣብኝ። የዚያ ሰው ልጅ እንዳልባል የሽማግሌውን ባዝራ ልሰጥ ነበር።

ወቅቱ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው የሚስተር ሆቭላንድ መኪና ወደ ግቢያችን ገባች። በየዓመቱ የሚያድኑበትን ጠመንጃ ያመጣሉ፤ እኔ ነኝ የማየው። እጄን በጨርቅ ጠርጌ ወጣሁና ልቀበላቸው ዘረጋሁ።

«አባትሽ አለ?»

«አለ። ግን እኔ ላየው እችላለሁ፣ ሁልጊዜ እኔ…»

«ግድ የለም ልጄ። ቬርን ይየው።»

ቁጣ የለበትም። ቢቆጡ መልስ ነበረኝ፤ ለቁጣ ምንጊዜም መልስ አለኝ። አልፈውኝ ገቡ፣ በሩንም አልዘጉት። እኔ ውጭ ቆሜ ቀረሁ።

«በዚያ ነገር ተቀይሜሃለሁ» ሲሉት ሰማሁ።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

«ብሎኑ ላልቷል፤ እየው።»

የመሳቢያ ድምፅ፣ የብረት ኳኳታ። ከዚያ አባቴ ጠራኝ፤ «ዊላ፣ ካቻቢቴው አንቺ ጋ ነው?»

ኪሴ ውስጥ ነበር። ገባሁ። ሚስተር ሆቭላንድ በእኔ በርጩማ ተቀምጠዋል። ካቻቢቴውን ለአባቴ ሰጠሁት፤ «አመሰግናለሁ» አለኝ፣ ለደንበኛ እንደሚል። ሽማግሌው ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ የታሰረውን ጠመንጃቸውን ነበር የሚያዩት። አባቴ ብሎኑን ቀስ ብሎ አጠበቀው፤ ሰንጥቁ ወደ አፈሙዙ ሲዞር ቆመ። ወጣሁና በሩን ዘጋሁላቸው።