የሌለችው ፍየል

ዳፊናን መጽሐፍ ጠይቆ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ የለም። ከባልካን ተራራ ሥር ባለችው በዚያች ከተማ፣ ልጁ አላነብም ብሎ ያስቸገረው ወላጅ ሁሉ እጁን እየጎተተ የሚያመጣው ወደ እሷ ነው። የንባብ ቤቱ ከአደባባዩ ፊት ለፊት ይገኛል፤ ታች ቤተ መጻሕፍቱ፣ ላይ የባህል ጭፈራ የሚለማመዱበት አዳራሽ። ከላይ ጣሪያው በእግር ምት ሲንቀጠቀጥ፣ ዳፊና ከታች መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች።

"አንተ ሒሳብ ትጠላለህ፣ ድመት ትወዳለህ፣ እህትህ ደግሞ ትመታሃለች" ትለዋለች። ልጁ አፉን ከፍቶ ሳይዘጋ አንድ መጽሐፍ መዘዝ አድርጋ፣ "እንካ! እኔ ሦስቴ አንብቤዋለሁ፤ ሦስቴም በሳቅ ሞቻለሁ" ትላለች።

አላነበበችውም።

ድሮ ታነብ ነበር፣ ይህ አይካድባትም። ኋላ ግን መጻሕፍቱ በካርቶን በካርቶን መጉረፍ ጀመሩ። የሚናገር ካልሲ፣ የሚያስነጥስ ቤተ መንግሥት፣ አስማተኛ፣ የአስማተኛ ልጅ፣ የአስማተኛ ውሻ። ማን ይዘልቀዋል? ማታ ማታ ደግሞ የቱርክ ተከታታይ ፊልሟ አለ። አንድ ቀን ቸኩላ የጀርባ ሽፋኑን ብቻ ያየችውን መጽሐፍ ሰጠች። ልጁ እየፈነደቀ መለሰው፤ ማንም ምንም አላላትም። ከዚያ ወዲህ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ማኅተም እየመታች የጀርባ ሽፋኑን፣ የመጀመሪያውን ገጽና የመጨረሻውን ገጽ ታያለች፤ በቃ። ለነገሩ ተሳስታ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። ጭፈራ አስተማሪዋ ጌርጋና እንኳ ደረጃውን እየወረደች፣ "አንቺ እኮ መጽሐፍ አታውሺም፣ መድኃኒት ነው የምታዢው" ትላት ነበር። ዳፊናም ትሽኮረመማለች።

በመጋቢት፣ በረዶው ከየጣሪያው እየቀለጠ ሲንጠባጠብ፣ ስታሜን የልጅ ልጁን ይዞ መጣ። ስታሜን ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ በር ሲገባ ሪዙ ይቀድመዋል። ልጅቷ ኔዳ ትባላለች። በእጇ አንጓ ላይ በመጋቢት ለጸደይ መግቢያ በዓል የሚታሰረው ቀይና ነጭ ክር ታስሮላታል፤ ዓይኗ ግን የበዓል ዓይን አልነበረም።

"እስቲ እባክሽ ዳፊና፣ ይቺን ልጅ አንድ በያት" አለ ስታሜን። "እናቷ ጣሊያን አገር አሮጊት ልታስታምም ከሄደች ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። አትስቅም፣ አታለቅስም። ግድግዳ!"

"አባባ፣ እዚሁ ነኝ እኮ" አለች ኔዳ።

"ይኸው፣ ይቺን ታህል ነው የምታወራው።"

ዳፊና ከጠረጴዛዋ ጀርባ ዞራ ወጣችና ጎንበስ አለች። "እናትሽ መቼ ትመጣለች፣ የኔ ቆንጆ?"

"ለፋሲካ ብላለች።"

"ደርሷል እኮ! እስከዚያ ይቺን ይዘሽ ትቆያለሽ።" እጇ ራሱ ያውቀዋል፤ አንድ ቢጫ መጽሐፍ አወጣ። "'የተሰረቁት ሪዞች'። አንድ ጠንቋይ የከተማውን ወንዶች ሪዝ ሙልጭ አድርጎ ይሰርቃል። አንዲት ልጅ ደግሞ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ እየበረረች ታሳድደዋለች። ሦስቴ ነው ያነበብኩት።"

ስታሜን ሳያውቀው ሪዙን ያዝ አደረገ። ኔዳ መጽሐፉን አገላበጠችው። "ሦስቴ? ለምን?"

"እንዴት ለምን? ስለሚያስቅ ነዋ! እንባዬ እስኪፈስ ነው የሳቅኩት።"

"የቱ ጋ?"

"አይ፣ እሱን ከነገርኩሽማ ምኑን አነበብሽው? አንብቢና አንቺ ትነግሪኛለሽ።"

ይቺ መልስ ከዓመት ዓመት አውጥታታለች። ያን ቀንም አወጣቻት።

ሳምንት ሳይሞላ ኔዳ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እየዘለለ በሩን በርግዳ ገባች። "አወቅኩ! የት ጋ እንደሳቁ አወቅኩ! ሳፋዋ ውስጥ ሳሙና ቀርቶ ደመናው ሁሉ አረፋ የሆነበት ጋ ነው አይደል?" ዳፊና፣ "ታዲያስ! አወቅሽብኝ!" አለች። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ ሌላ መንገድ አልነበራትም። ጠረጴዛው ላይ ክርኗን ተክላ፣ ሪዞቹ እንደ ወፍ ሽቦ ላይ ስለመደርደራቸው፣ ጠንቋዩ ሁሉንም ባንዴ ልለጥፍ ብሎ አፉ ስለመጥፋቱ ታወራለች። ዳፊና ማኅተሟን እየመታች "ውይ እሱማ!"፣ "አትንገሪኝ፣ ሆዴን አመመኝ!" ትላለች። ስታሜን በገበያው መሐል፣ "ሳቀች እኮ! በአፏ ሾርባ እንደያዘች ሳቀች!" እያለ ሲያወራ ሰማች። ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር፣ የሚገባት የመሰላት ደስታ ነበር።

ፋሲካ መጣ፤ የበዓሉ እንቁላል ቀይ ተቀባ፤ የኔዳ እናት አልመጣችም። አሮጊቷ ታመውብኛል፣ ለበጋው እመጣለሁ ብላ ደወለች።

ከበዓሉ በኋላ ኔዳ ያለ ቦርሳ፣ ቀስ ብላ ገባች። ዳፊና አዲስ ካርቶን ከፍታ ነበር።

"እትዬ ዳፊና፣ ፍየሏስ?"

"እ?"

"ፍየሏ ዳኛ ፊት ቀርባ፣ 'የኔስ ጢም ከሪዝ በምን ያንሳል፣ ለምን እኔም አልተሰረቅኩም?' ብላ የተከራከረችበት። እሱ ጋስ ሳቁ?"

ዳፊና አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። "ውይ ያቺ ፍየል! እሷማ ገደለችኝ! ሦስተኛ ጊዜ ሳነበው እንኳ ወገቤን ይዤ ነው!"

ኔዳ ትክ ብላ አየቻት። "አዎ፣ ታስቃለች" አለችና ወጣች። በማግሥቱ አልመጣችም። ከዚያም በኋላ አልመጣችም።

ለጋዜጣ ብቅ ያለው ስታሜን ነው ነገሩን ሳያውቀው የነገራት። "ልጅቷን አንድ ጊዜ አሳቅሻት፣ ከዚያ ተመልሳ ግድግዳ ሆነች" አለ። "ደግሞ አንዲት ፍየል ይዛ ነዘነዘችኝ። 'አባባ፣ አንተም አንብበኸዋል አይደል፣ ፍየሏ አላሳቀችህም?' ትለኛለች። የምን ፍየል ነው አልኳት፤ ስንት ቀን ዓይኔን አፍጥጬ ያነበብኩት መጽሐፍ፣ ፍየል የሚባል የለበትም! ብላት፣ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰው ፍየል የለም ስላለ ይታቀፋል? ልጅ መቼ ይገባል!"

ዳፊና ፊቷ እሳት ሆነ። ጋዜጣውን አቀብላ ሸኘችው። እሱ እንደወጣ በሩን ዘጋች፤ የመጽሐፉን ሁለተኛ ቅጂ ከመደርደሪያ አውርዳ ወለሉ ላይ፣ ካርቶኖቹ መሐል ተቀመጠች። አነበበች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ አንድም ሳትዘል። ፍየል የለም። በግ እንኳ የለም። የከንቲባው ሪዝ ግን ከጠንቋዩ ከረጢት ነጻ ወጥቶ፣ "ወደ ቤት አልመለስም! ከዚያ አፍ በላይ ተቀምጬ ውሸት ስሰማ መኖር ታክቶኛል" የሚልበት ጋ ስትደርስ ከት ብላ ሳቀች። የእውነት ሳቅ ነበር፤ ከስንት ዓመት በኋላ በልጆች መጽሐፍ መሳቋ ነው። ወዲያው ግን መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘጋችው። ኔዳ ስለ ሪዙ ስታወራላት ምን ነበር ያለቻት? "ውይ እሱማ!" አዎ፣ "ውይ እሱማ!" ነበር ያለቻት።

ይቅርታ ልትጠይቅ ስታሜን ቤት ደጃፍ ድረስ ሄደች። ልጅቷ አጥሩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ዳፊና የጫማዋን ማሰሪያ የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለችና ዞራ ተመለሰች። አምሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ አጥር ላይ ከተቀመጠች ሕፃን ሸሸች። ከፊደል በዓል በኋላ ይሻላል ብላ ራሷን አታለለች።

የፊደል በዓል በግንቦት ነው። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ይወጣል፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የማርሽ ባንዱ። የትምህርት ቤቱ በር በአበባ ያጌጣል፣ ሕፃናቱ ትልልቅ የወረቀት ፊደላት ተሸክመው በአደባባዩ ይሰለፋሉ። ሰልፉ የሚያበቃው የንባብ ቤቱ ደረጃ ሥር ነው። እዚያ ላይ ዳፊና በየዓመቱ ቆማ፣ "ለበጋው ዕረፍት እነዚህን አንብቡ" እያለች መጽሐፍ ከፍ አድርጋ ታሳያለች። እናቶች ስልካቸው ላይ ይጽፋሉ። ዘንድሮ ርዕስ ርዕሱን ብቻ እያነበበች አሳለፈችው። የያዘችው መጽሐፍ ሁሉ ጀርባው እንጂ ሆዱ አይታወቃትም።

ርዕሰ መምህሩ ማይክሮፎኑን ወሰደ። "ዘንድሮ ደግሞ አንድ የምሥራች አለን! ማንበብ የማትወድ ተማሪያችን፣ እትዬ ዳፊና በሰጧት መጽሐፍ አንባቢ ሆናለች። ኔዳ፣ ነይ ውጪ!"

ኔዳ ከሰልፉ ወጣች። እሷን የሚያህል የወረቀት ፊደል ተሸክማ ነበር፤ ለስታሜን ሰጥታው ደረጃውን ወጣች። ዳፊና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። አሁን ትናገራለች፣ አለች በልቧ። ይገባኛል። ትናገር። ወዲያው ደግሞ፣ እባክሽ የኔ እናት፣ እባክሽ፣ አለች።

ልጅቷ ማይክሮፎኑን ይዛ ወደ ዳፊና ዞር ብላ አየች። ረጅም ጊዜ አየቻት።

"እትዬ ዳፊናን በጣም ያሳቃቸውን ልንገራችሁ" አለች። "አንዲት ፍየል ነበረች..."

ነገረቻቸው። ፍየሏ ዳኛው ፊት ስትቀርብ፣ ዳኛው ፋይሉን ሲፈልግ ፍየሏ በልታው ሲያገኛት፣ "ማስረጃው የታለ?" ሲላት "ሆዴ ውስጥ ነው፣ ክቡር ዳኛ፣ እስኪወጣ እንጠብቅ" ስትለው። ያቺ ግድግዳ የተባለች ልጅ የዳኛውን ድምፅ እያወፈረች፣ የፍየሏን እያቀጠነች አደባባዩን በሳቅ አፈረሰችው። የባንዱ ከበሮ መቺ ዓይኑን ጠረገ። ስታሜን ብቻ ፊደሉን እንዳቀፈ አፉን ከፍቶ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ለዳፊና እቅፍ ቀይ አበባ ሰጣት፤ ሰው አጨበጨበ። ጌርጋና ጎኗን በክርኗ ነካ አድርጋ፣ "መድኃኒት አዋቂዋ!" አለቻት። ዳፊና አበባውን ፊቷ ላይ አስጠጋችው፤ የምታሸት እንድትመስል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ አደባባዩ ጭር ሲል፣ ኔዳ ቢጫውን መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዳፊና መነጽሯን አወለቀች።

"ኔዳ... ፍየል የለችም።"

"አውቃለሁ።"

"አላነበብኩትም ነበር። ዋሽቼሻለሁ። አፍሬያለሁ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ለምን አልተናገርሽብኝም? እዚያ ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት?"

ኔዳ የመጽሐፉን ጠርዝ በጣቷ ትነካካ ነበር። "ፊትዎ ቀላ" አለች። "አሳዘኑኝ።"

ዳፊና ያወለቀችውን መነጽር መጽሐፉ አጠገብ አስቀመጠች።

"እማዬም እኮ ሳቀች" አለች ልጅቷ። "'እዚህም አገር መጽሐፉን አገኘሁት፣ ማታ ማታ አነበዋለሁ፣ ከአንቺ ጋር እንደማነብ ነው የሚሰማኝ' አለችኝ። ለፋሲካ የቀረች ጊዜ ስልክ ላይ ስለ ፍየሏ ጠየቅኳት። 'ውይ ያቺ ፍየል!' አለች። ልክ እንደ እርስዎ።" የመጽሐፉን ሽፋን ገልጣ መልሳ ዘጋችው። "ከዚያ ነው እርስዎንም የጠየቅኩት። እርስዎ የምን ፍየል የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።"

ዳፊና እንባዋ መጣ፤ ልጅ ፊት ማልቀስ ሌላ ዕዳ መጫን እንደሆነ ገባትና ዋጠችው።

ኔዳ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረግ አደረገች። "ሌላ ይስጡኝ" አለች። "የሚያስቅ፣ አስማት ያለበት። ግን ያነበቡትን።"

ዳፊና ዞረች። እጇን መደርደሪያው ላይ አሳረፈች፤ ያ የሚያውቀው እጇ። ሰማያዊው፣ የሚናገረው ካልሲ፣ አላነበበችውም። አረንጓዴው፣ አላነበበችውም። የሚያስነጥሰው ቤተ መንግሥት፣ ለስንት ልጅ ሰጥታዋለች፣ አላነበበችውም። እጇ ከጫፍ ጀምሮ ሄደ፣ ወደ ታችኛው ረድፍ ወረደ፣ ከዚያም ወደ መጨረሻው። ኔዳ ከኋላዋ ቆማ ትጠብቃለች። ዳፊና ተመልሳ መጣችና፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ያንኑ ቢጫ መጽሐፍ አንስታ ዘረጋችላት።

"ይሄን እኮ አንብቤዋለሁ" አለች ኔዳ።

"አውቃለሁ" አለች ዳፊና። "እኔም ያነበብኩት ይሄን ብቻ ነው።"