የሞንቴኔግሮ አየር፣ ከሆግቭሊት

ሌላው ሰው አበባ ይልካል፤ ማንደፍሮ ግን የጀመረው በአየር ሁኔታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሮተርዳም ዳርቻ፣ ከሆግቭሊት ይደውላል። ዘ ሄግ፣ ላክ ሰፈር ያለችው ለተክርስቶስ ሻይዋን ይዛ ታነሳለች።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ለተክርስቶስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬስ እንዴት ነው?»

«ባሕሩ ዳር አይጣል ነው፣ ሰው እየተቀቀለ ነው። ድንበሩ ላይ የመኪና ሰልፍ አለ። ተራራው ላይ ግን ጉም ነው። ትናንት ድንጋይ ተንዶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ዛሬ ተከፍቷል።»

«እሰይ!» ትላለች፣ መንገደኛ ያላት ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንደፍሮ ጡረታ ሳይወጣ ፔርኒስ በሚባለው የነዳጅ ማጣሪያ ጋን ሲያጥብ፣ ድራጋን የሚባል የሞንቴኔግሮ ሰው አብሮት ይሠራ ነበር። ድራጋን አገሩ ገብቶ ተራራ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ከፈተና፣ በደጁ የሚያልፈውን መንገድ ቀኑን ሙሉ የሚያሳይ የኢንተርኔት ካሜራ ሊንክ ላከለት፤ የባሕሩን ዳርና የድንበሩን ወሬም እሱው ይነግረዋል። ማንደፍሮና ለተክርስቶስ ሁለቱም የትዳር ጓደኞቻቸውን ቀብረዋል፤ የሚተዋወቁት ቤተ ክርስቲያን ነው። ማንደፍሮ ካሜራውን አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ለለተክርስቶስ አሳያት። በቃ፣ ሱስ ሆነባቸው።

ዕድሜዋን ሙሉ በቱይስዞርግ፣ ማለት በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ፣ የፈረንጅ ሽማግሌ ስታነሣ ስታጥብ ለኖረችው ለተክርስቶስ፣ ሆላንድ ዓይን የሚያርፍበት ከፍታ የሌለው ሜዳ ነበር። አሁን ታብሌቷን ከፍታ ስትቀመጥ ጥዱ እየጨለመ፣ በጎች መንገዱን እያቋረጡ፣ ጉሙ ቀስ ብሎ ወደ ሳሎኗ ይገባባታል። ከታች የሚያልፈው ትራም ነጎድጓድ ይሆንባታል። ውጪው ሙቀት ሆኖ ሳለ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ትስባለች።

«ኩርባውን ዞርን» ይላል ማንደፍሮ በስልክ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ይንሸራተታል!»

ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እንዲህ ስንት ተራራ ወጡ መሰላችሁ!

ታዲያ ማንደፍሮ ታገባው እንደሆነ ቁርጡን ማወቅ ፈለገ። ለራሷ መናገር ግን ድፍረት መሰለው። ወጉን ጠብቆ ሽማግሌ ላከ፤ ያውም አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት ወደሚኖረው ልጇ ወደ ኢዛና። ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በሩን አንኳኩ።

ኢዛና እዚህ ነው ያደገው። ስለ ሽማግሌ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማለዳ ተሰብስበው ከመጡ ሰው ሞቷል። የአባቱን ሞት ያረዱት እንደዚያ ነበር። ከፍቶ ሲያያቸው «ማማዬን!» ብሎ ጮኸና ደረጃው ላይ ዘጭ አለ። «ኧረ ለደስታ ነው የመጣነው!» ቢሉት ማን ሰምቷቸው። እዚያው ደረጃው ላይ ሆኖ ለእናቱ ደወለ።

«ማማ? አለስ ሁት?» አላት በሆላንድኛ። «ደህና ነሽ? አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ? ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?»

ጉዱን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ልጇን አስለቅሰው፣ እሷን እንደ ኮረዳ ከልጇ ጠይቀው! ማንደፍሮ ይቅርታ ሊል ሲደውል አላስጨረሰችውም።

«እኔ አፍ የለኝም? እኔን መጠየቅ አቃተዎት? ሁለተኛ እንዳይደውሉልኝ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

አልደወለም። ፍልሰታ ገባ፣ ፍልሰታ ተፈታ። እሷም ኩራት ይዟት ዝም አለች፤ ካሜራውን ግን አልተወችም። ጉሙ ያው ጉም ነው፤ የሚያወራላት ሲጠፋ ግን ጭር አለባት። ናፍቋት ነበር፣ በጣም ናፍቋት ነበር። ኢዛና ሊጠይቃት መጥቶ ታብሌቱ ላይ ፈዛ አገኛት።

«እኔ ያለቀስኩት የሞትሽ መስሎኝ ነው» አላት። «ሰውየውን ስለጠላሁት አይደለም። ትወጂዋለሽ?»

«ዝም በል፣ ባለጌ!» አለች። ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ካሜራውን ስትከፍት መንገዱ ዳር ሰው ቆሟል። ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ሽቅብ ካሜራውን ያያል። ማንደፍሮ! ሻይዋ ጭኗ ላይ ፈሰሰ። መኪና ሲመጣ ጠጋ ይላል፣ ሲያልፍ ተመልሶ ይቆማል። ከጀርባው ጥቁር ደመና እየወረደ ነበር። ጊዜ አልሰጠችም፣ ደወለች።

«ከጀርባዎ ደመና እየመጣብዎት ነው!»

«ወይዘሮ ለተክርስቶስ! ደመናውማ መጥቶ እየዘነበብኝ ነው። ምስሉ እዚያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።»

«ታዲያ ምን ያቆምዎታል?»

«ምናልባት ቢያዩኝ ብዬ። ድራጋን ‹ብቻህን ነህ?› ሲለኝ አፍሬ፣ ‹ባለቤቴ መንገድ ላይ ናት› አልኩት። ይቅር ይበሉኝ። ለእርስዎ ማለት የነበረብኝን ለእሱ አልኩት።»

ታብሌቱ ላይ ገና አልዘነበም። ለተክርስቶስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«እንግዲህ በዚህ ዕድሜዎ ውሸታም አላስብልዎትም» አለች። «ኢዛና ቲኬት ይቆርጥልኛል። አሁን ይግቡ፣ ብርድ ይመታዎታል።»

ከወዲያ መልስ የለም፤ የዝናቡ ድምፅ ብቻ። ተቆረጠ እንዴ ብላ ደነገጠች። ዓይኗን ምስሉ ላይ ተክላ ጠበቀች። ምስሉ ላይም ዝናቡ ጀመረ፤ ማንደፍሮ ስልኩን አነሳ፣ አወራ፣ ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።